ሰላም ሳትል የማታነሳበት ሌንስ፦ 13 ወር ከካኖን 24 ሚሊ ሜትር ጋር

ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ ስልኬ ውስጥ የተገኘው የዶሮ ማነቂያ ፎቶ ሁለት ብቻ ነበር። ሁለቱም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። በአንዱ እስቃለሁ። በሌላው ጥብስ እየጎረስኩ ነው። ከኋላዬ ያለው ቤት የማን እንደነበረ፣ በሩ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አይታወቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፈር እያቋረጥኩ ሥራ ገብቻለሁ። የቀረኝ የራሴ ጉንጭ ነው።

ነገሩ ከነከነኝ። ስለዚህ ለ2017 አንድ ውሳኔ ወሰንኩ። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ 5 በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ፤ እኔ የሌለሁበት።

ሐሳቡ የኔ ፈጠራ አይደለም። ጄሚ ሊቪንግስተን የሚባል የኒውዮርክ ሰው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ በየቀኑ አንድ የፖላሮይድ ፎቶ እያነሳ ቆይቶ ያቆመው በ1997 ሲሞት ነው። የመጨረሻዎቹን ያነሳው ታሞ ተኝቶ ነው። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት አልተመኘሁም። አንዱን ዓመት ከጨረስኩ ተመስገን ብዬ ነው የገባሁበት።

«ለምን በስልክህ አታነሳም?» አለች ባለቤቴ። ሞክሬ ነበር። ነሐሴ ላይ ለልምምድ ያህል አሥር ቀን በስልክ አነሳሁ። ችግሩ፣ ስልክ ሳወጣ መልእክት አያለሁ። መልእክት ሳይ የአለቃዬን ስም አያለሁ። ከዚያ ፎቶው ይቀራል። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ከአገር ሲወጣ ትቶልኝ የሄደውን ካኖን 600ዲ ከቁም ሳጥን አወረድኩ። እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የወጣ፣ 18 ሜጋ ፒክስል የሆነ፣ ስክሪኑ ወደ ጎን ተከፍቶ የሚዞር ካሜራ ነው። አብሮት የመጣው ዙም ሌንስ ቦርሳዬ ውስጥ ከምሳ ዕቃዬ ጋር ቦታ ይጣላል። ሌላ ሌንስ ፍለጋ ወጣሁ።

ያገለገለ ካሜራ የሚሸጥ አንድ ቤት ገባሁ። ጊዜው ነሐሴ አጋማሽ ነው። የብሩ ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ወዲህ፣ ገና ወር አልሞላም። ነጋዴ ሁሉ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ስልኩን ያያል። ልጁም ስልኩን አየና 18 ሺህ አለኝ።

«ያገለገለ አይደል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሌንሱ ያገለገለ ነው፤ ዶላሩ ግን አዲስ ነው።»

ስቄ ተሸነፍኩ። እንዲያም ሆኖ 14 ሺህ 500 ላይ ተስማማን። ሲጠቀልልልኝ ግን ልቡ አልችል አለ። «ይሄ ዙም የለውም እኮ። ለሠርግ ከሆነ አይሆንዎትም» አለኝ። ለሠርግ አይደለም አልኩት። «ታዲያ ለምንድን ነው?» የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። «ለመንገድ» አልኩት። «ለመንገድማ ስልክ ይበቃል» ብሎ ፌስታሉን አቀበለኝ።

የገዛሁት ካኖን ኢኤፍ ኤስ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም ነው። በ2014 የወጣ ነው፤ ይህም የፈረንጆቹ ነው። ውጭ አገር እንዲህ ያለውን ስስ ሌንስ በፓንኬክ ስም ይጠሩታል። እኔ ቂጣ ነው የምለው። ውፍረቱ 22.8 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 125 ግራም ነው። ሩብ ኪሎ ቡና ገዝታችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ ያ ነው። ካሜራው ላይ ሲገጠም ሌንስ የተረሳበት ካሜራ ይመስላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን ያየችው ጊዜ «ክዳኑን ብቻ ነው እንዴ የሸጠልህ?» ብላኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዙም የለውም ሲባል በወረቀት ላይ ቀላል ነው። መንገድ ላይ ግን ሌላ ነው። የእኔ ካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቁ ከሚባለው ዓይነት ስለሚያንስ 24ቱ ሚሊ ሜትር በ1.6 ተባዝቶ እንደ 38 ገደማ ያያል። ይሄንን ቁጥር እርሱት። እርምጃውን ያዙ። አንድ የቆመ ሰው ከእግሩ እስከ ራሱ ለማስገባት ካሜራውን ወደ ላይ አቁሜ ሁለት ሜትር ገደማ ላይ መሆን አለብኝ። ከወገቡ በላይ ከሆነ ካሜራውን አጋድሜ ሜትር ተኩል። ሁለት ሜትር በእኛ አገር ምን ያህል ርቀት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰላም ሳይባባሉ የማይቆሙበት ርቀት ነው። እዚያ ላይ ቆመህ ዝም ብለህ ካሜራ ብትደቅን ወይ ሌባ ነህ ወይ የሆነ መሥሪያ ቤት ነው የላከህ።

ይህን እስክረዳ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ እሰርቅ ነበር። የ600ዲ ስክሪን ይዞራል ብያለሁ። ስክሪኑን ወደ ላይ ገልብጬ፣ ካሜራውን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ቁልቁል እያየሁ አነሳለሁ። ሰው ዓይኔን ስለማያይ ምን እንደማደርግ አያውቅም። ብልጠት መስሎኝ ነበር። መስከረምና ጥቅምትን መለስ ብዬ ሳይ የሰው ፎቶዎቹ በሙሉ የጀርባና የክርን ፎቶዎች ናቸው። አንድ ሰው እንኳ ወደ እኔ አያይም።

የመንገዴን አቅጣጫ ልንገራችሁ። ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ጠዋት በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ፒያሳ እወጣለሁ፤ ከዚያ ቸርችልን ቁልቁል ተያይዤ ፖስታ ቤት አካባቢ ቢሮዬ እገባለሁ። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከድልድዩ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። ሰፌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ገብሱን በአንድ በኩል፣ ሱፍና ሽምብራውን በሌላ በኩል ለይተው ይቀመጣሉ። ለሁለት ወር በየጠዋቱ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ሆዴ ላይ ካሜራ ይዤ ቁልቁል አያለሁ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ።»

«አቤት እማማ?»

«ሆድህን ምን ሆነህ ነው? በየቀኑ እዚህ ስትደርስ ሆድህን ይዘህ ትጎብጣለህ። ቁርስ አትበላም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ካሜራውን አሳየኋቸው። እውነቱን ተናገርኩ። ዝም ብለው አዩኝ። «ታዲያ ይሄ ይደበቃል?» አሉ። «ሰላም ብለህ አታነሳም?» ሰላም አልኳቸው። አነሳኋቸው። የኅዳር 9 ፎቶ ያ ነው። በዓመቱ ውስጥ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ያየበት የመጀመሪያው ፎቶ።

ከዚያ ወዲህ ሆዴን ይዤ አላውቅም። በረጅም ሌንስ ቢሆን ኖሮ ግን ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እስከ ጳጉሜ ስሰርቅ እኖር ነበር። ሌንሱን የምወድበት ምክንያት ይሄ ነው። ጥራቱ ሁለተኛ ነው።

እማማ ግን በዚህ አላበቁም። ፎቶውን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት።

«አፍንጫዬን ምነው አሳበጥከው?»

ልክ ናቸው። ይህ የሌንሱ ባሕርይ ነው፤ እንዲያውም የርቀቱ። ከደስታዬ ብዛት ተጠግቼ፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኜ ነበር ያነሳሁት። በጣም ሲጠጉ ለካሜራው የቀረበው ነገር ያለ መጠን ይገዝፋል፣ ራቅ ያለው ይኮሰምናል። ፊት ላይ ቀራቢው አፍንጫ ነው፣ ራቅ የሚለው ጆሮ። መፍትሔው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነው። ከሜትር ባልበለጠ ርቀት የሰው ፊት አላነሳም። ሁለተኛውን ሜትር ተኩል ላይ ሆኜ አነሳሁት። ሰፌዳውም ገባ፣ አፍንጫውም ወደ ቦታው ተመለሰ። «አሁን ቆሎው ታየ» ብለው ተቀበሉኝ። ለካ የተከፉት ቆሎው ስላልታየ ነበር።

ለዕቃ ከሆነ ግን መጠጋቱ የሌንሱ ትልቅ ደስታ ነው። ከሴንሰሩ ጀምሮ 16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል። ከሌንሱ ፊት ሲለካ ዘጠኝ ሴንቲ ገደማ ይቀራል። ከቢሮዬ ጀርባ ጀበና ቡና አለ። ጥቅምት ላይ ከቁርስ በኋላ አንድ ሲኒ ይዤ ተቀመጥኩ። ሌንሱን ወደ ሲኒው አስጠጋሁት። በአረፋው ጠርዝ ላይ ያለችውን አንዲት ጤና አዳም ቅጠል ይዞ ሌላው ሁሉ ደብዘዝ አለ። ረከቦቱ ቀለም ብቻ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ላንሳ ስል ምንም አይታይም። ካሜራው ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። የቡናው እንፋሎት ነው ለካ፤ የሌንሱን መስታወት አልብሶታል። ቡና የምትቀዳው ልጅ ስትስቅ «ለካሜራውም ቅጂለት» አለቻት ጓደኛዋ። መጥረጊያ ጨርቅ በኪሳችሁ ያዙ። ነጠላ አይሆንም፣ ክር ይተዋል።

ብርሃን ላይ ልምጣ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይዋ አትለማመጥም። ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎ ትገባለች። ለፎቶ የሚሆነው ለስላሳ ብርሃን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ ማታም እንደዚያው አጭር። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ሚያዝያ 6 ምሳ ሰዓት ላይ ቸርችል ላይ አንድ ሎተሪ አዟሪ አነሳሁ። ጥላው የት እንደገባ ፈልጌ አጣሁ። እግሩ ሥር እንደ ሳንቲም ተጠቅልላ ነበር። በዓመቱ ከወደድኳቸው አምስት ፎቶዎች አንዷ ናት። ያነሳሁት በምሳ ሰዓት፣ ሁሉም ፎቶ አንሺ አታንሳ በሚልበት ሰዓት ነው።

ምሽት ላይ ሌንሱ መጠነኛ ነው። ኤፍ የሚባለው የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግራል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይገባል። ኤፍ 2.8 መጥፎ አይደለም፣ ትልቅ ነገርም አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥ የሚከላከል ነገር የለውም። የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ መብራት ስላንቆጠቆጠበት እዚያ ላይ ችግር የለም። ሰፈር ውስጥ ሲገባ ነው ችግሩ። ጥር ላይ አንድ ማታ መብራት ሄደ። ልጄ በሻማ የቤት ሥራ ትሠራለች። አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) 3200፣ ኤፍ 2.8፣ ፍጥነቱ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ። ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ስድስት ጊዜ አነሳሁ። አምስቱ ተንቀጠቀጡ። አንዱ ዳነ። ያችን ሌሊት ኤፍ 1.8 ቢሆን ኖሮ ብያለሁ፤ አልክድም። እዚያ ኤፍ 2.8 ላይ ማዕዘኖቹ ጠቆር ይላሉ። ኤፍ 4 ላይ ይጠራል። እኔ ጠቆር ማለቱን ለሻማው ትቼዋለሁ፤ ያምርበታል።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ የትኩረት ቀለበቱ በሞተር የሚሠራ መሆኑ ነው። ካሜራው ጠፍቶ ብታዞሩት ምንም አይሆንም። በስክሪን ሲነሳ ደግሞ ትኩረት ለመያዝ ይጎተታል፤ ጥፋቱ ግን የካሜራዬ ዕድሜ ነው። በዓይን ማያው በኩል ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወያላ ከሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ ይይዛል።

አንዳንድ ነገር ግን አይሆንለትም። የምኒልክ ሐውልት አንዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሞከርኩ። ከሥር ስትሆን የፈረሱን ሆድ ነው የምታየው፤ ራቅ ስትል ንጉሡ እንደ መጫወቻ ያንሳሉ። የካቲት 23 ለዓድዋ በዓል ረጃጅም ሌንስ የያዙ ልጆች ከዳር ቆመው ሐውልቱን ሲያነሱ በቅናት አየኋቸው። እኔ ሕዝቡ መሐል ገባሁ። ጋሻ የያዙ አንድ አባት አገኘሁ። «እንዴት ዋሉ አባቴ፣ ላንሳዎት?» ስላቸው ጋሻውን ፊቴ ላይ ሊያደርሱት ትንሽ ቀራቸው። ጋሻው ፎቶውን ሞላው። ዓይናቸው ከጫፉ በላይ ያያል። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ለዚህ ሌንስ የተቀረጸ ይመስላል። ሥሩ ቆመህ ወደ ላይ ስታነሳው ደረቱ ሰማዩን ይሞላዋል።

በዚያው ሰሞን የሆነውን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን የገቡት ሳምንት ሳይሞላቸው ተከታትለው ነው። ከሥራ ስወጣ ፒያሳ በኒን መስጊድ አካባቢ የማፍጠሪያ ሰዓት ይደርሳል። ቴምርና ሳምቡሳ የሚሸጥ አንድ ልጅ አለ። አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ሳምቡሳውን እያዩ «ሥጋ አለበት?» አሉት። «ምስር ነው እናቴ፤ ለሁለቱም ጾም ይሆናል» አለ። አጠገባቸው ኮፍያ ያደረገ ወጣት አዛኑን እየጠበቀ ብሩን አዘጋጅቷል። ልጁን በዓይኔ ጠየቅኩት፣ ራሱን ነቀነቀ። ሌንሱን ወደ ትሪው አስጠጋሁ። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ገባ፤ አንዱ የነጠላ ጥለት አለበት፣ አንዱ የቆዳ ሰዓት። ዙም ቢኖረኝ ኖሮ ፊታቸውን እፈልግ ነበር።

ክረምቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ይህ ሌንስ ለዝናብ አልተሠራም። ካሜራዬም አልተሠራም። ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱንም በፌስታል አልብሼ፣ የሌንሱን አፍ ቀድጄ፣ በላስቲክ አስሬ ዞሬያለሁ። አላፊ አግዳሚው ዳቦ የያዝኩ መስሎት ነበር። ሠርቷል። የበቆሎ ጠባሾቹ ጭስና የዝናቡ ካፊያ አንድ ላይ ሲነሳ የሚሰጠውን ነገር ሌላ ወር አይሰጥም።

ጥበቃዎችን ደግሞ ማንሳት ግድ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ሕንፃ ሥር ጫማዬን እያስጠረግኩ ሊስትሮውን ላነሳ ስል ጥበቃው መጣ።

«ወንድም፣ ማንሳት ክልክል ነው።»

«ሕንፃውን አይደለም፤ ልጁን ነው።»

«ልጁም የሕንፃው ነው።»

ሊስትሮው ቀና ብሎ «ከመቼ ጀምሮ?» አለው። ሦስታችንም ሳቅን፤ ፎቶውን ግን አስጠፋኝ። አልተከራከርኩም። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ሌንሱ ትንሽ መሆኑ ይጠቅማል የሚል ሰው አለ። እውነት ነው፤ ትልቅ መድፍ የሚመስል ሌንስ ይዘህ ስትቆም የሚመጣው ጥያቄና በቂጣ የሚመጣው አንድ አይደለም። ጥበቃ ግን ጥበቃ ነው። መጀመሪያ እሱን ሰላም በሉት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ታኅሣሥ ላይ ሜሞሪ ካርዱ ተበላሸ። ከታኅሣሥ 3 እስከ 13 ያለው ሁሉ ሄደ። ካርዱን የገዛሁት ርካሽ ስለሆነ ነው፤ «ኦርጅናል ነው» ያለኝንም ስላመንኩ ነው። አሥራ አንድ ቀን። ደግነቱ ደብተር ነበረኝ። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ ወር ብቻ ነው፣ ጳጉሜ የሚባል ነገር አልሰማም። ስለዚህ በየማታው በደብተር ላይ ቀኑን በእኛው ጽፌ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ከጠፉት ቀኖች የቀረው ያ ነው። «ታኅሣሥ 7፦ ዲያቆን፣ ዝግ ጃንጥላ፣ ሚኒባስ በር ላይ አልገባ ብሎት።» «ታኅሣሥ 10፦ ሁለት ውሻ አንድ ፀሐይ ላይ።» እውነት ለመናገር የታኅሣሥ 10ን ፎቶ ካየሁት ይልቅ በደብተሩ ይበልጥ አየዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ሁለት ቦታ እገለብጣለሁ።

ሁለት ቀን ደግሞ ረስቼ አድሬያለሁ። ሁለቱም ሰኔ ላይ ናቸው። የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ሒሳብ ሠራተኛ ሰው አይደለም። የሰኔን ፎቶዎች ብታዩ ደረሰኝ፣ ካልኩሌተር፣ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ደረሰኝ። የሥራ ባልደረባዬ አንዱን አይታ «ይሄ ጥበብ ነው ወይስ ማስረጃ?» ብላኛለች።

ማሳተምን በተመለከተ፣ የምትሄዱበትን ፎቶ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ካሜራው የሚያወጣው ሦስት በሁለት ቅርጽ ነው። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ልክ ይገባል። 13 በ18 ላይ ሲሆን ግን ጎኑ ይቆረጣል። አንድ ቤት ሃያ ፎቶ አትሞልኝ በሦስቱ ላይ የሰው እጅ ጎድሏል። ከሳምቡሳው ፎቶ የቀረልኝ የነጠላው ጥለት ብቻ ነበር። እንደገና በ10 በ15 አሳተምኩት።

ጳጉሜ 4 የሕዳሴ ግድብ የተመረቀ ዕለት ነበር። ፒያሳ ባንዲራ ለብሷል፤ ካሜራ የያዘውም ብዙ ነው። ጳጉሜ 5 ግን ጸጥ ያለ ነበር። ሰው ለበዓል ዶሮና ሽንኩርት ይዞ ይሮጣል። ድልድዩ ጋ ደረስኩ። እማማ በቦታቸው የሉም። ሰፌዳው የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ጥቂት የገብስ ፍሬ ተበትኗል፣ ሁለት ርግቦች ይለቅማሉ። ሰላም የምለው አጣሁ። ርግቦቹን ከሁለት ሜትር ላይ ጎንበስ ብዬ አነሳኋቸው። በመስከረም 2 ጠዋት ተመልሰው አገኘኋቸውና አሳየኋቸው። «ቆሎዬን ለማን አስበላህብኝ?» አሉኝ።

እንግዲህ ይገዛ ወይ? ካኖን ዲኤስኤልአር (ውስጡ ምስሉን ወደ ዓይን ማያው የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለው ካሜራ) ካላችሁና ሴንሰሩ እንደኔው ትንሹ ከሆነ፣ አዎ። ትልቅ ሴንሰር ያለው ዲኤስኤልአር ላይ አይገጥምም፤ እንዳትታለሉ። ያ መስታወት የሌላቸው አዲሶቹ የካኖን አር ካሜራዎች ላይ አዳፕተር ይፈልጋል፤ ያኔ ቂጣነቱ ይቀራል። ሠርግና እግር ኳስ የምታነሱ ሌላ ፈልጉ። ሰው መቅረብ የሚከብዳችሁ ከሆነም መጀመሪያ ሳምንት ያስቸግራችኋል፤ እኔን ሁለት ወር አስቸግሮኛል።

ያገለገለ ስትገዙ የሌንሱን መስታወት ወደ መብራት አድርጋችሁ አቧራና ሻጋታ እዩ። ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገጥማችሁ ከቅርብ አንድ ሳንቲም፣ ከሩቅ አንድ ታርጋ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ። ቀለበቱን ስታዞሩ ካሜራው መብራቱን እርግጠኛ ሁኑ፤ ካልበራ ሌንሱ ሞቷል ብላችሁ ዋጋ ለማስወረድ ትሞክሩና ሻጩ ይስቅባችኋል። የፊቱ ክዳን 52 ሚሊ ሜትር ነው፤ ትርፍ ግዙ። የእኔ የመጀመሪያው ግንቦት ላይ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ወንዙ ገብቷል። አሁን የለበሰው የሌላ ካምፓኒ ነው።